የታጠበው ካርድ

አይሊ የባሏን ሰርቨር በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ የመኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ቀበቶ አስራለት ነበር ያመጣችው። ፓውሊ ደጁ ላይ በረዶ ሲዝቅ ደረሰች። አካፋውን ከግድግዳው አስደግፎ የመኪናውን በር ሲከፍት ብርድ ልብሱን አየና ሳቁ መጣ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ዋጠው።

«እንዳይንገጫገጭ ብዬ ነው» አለች። «እንዳትስቅብኝ።»

«መች ሳቅሁብሽ?»

«ልትስቅ ነበር። ስንት ዘመን ነው የማውቅህ?»

ማሽኑን ታቅፎ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ። እሷም ፑላ የሚሉትን የፊንላንድ ጣፋጭ ዳቦ በፎጣ ሸፍና ይዛ ተከተለችው፤ የሄሉ ሽታ ከሁለቱም ቀድሞ ደረጃውን ወረደ። ሥራ ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው አይሊ ብርድ ልብሱን ገፈፈችና አጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው።

«በየካቲቱ ውሽንፍር መብራት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። መብራቱ ሲመለስ እሱ አልተመለሰም። ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ፣ ፊቱ ላይ ያሉት መብራቶች ይበራሉ። እኔ ፎቅ ላይ ሆኜ በኮምፒዩተሬ ስፈልገው ግን የለም።»

«ዲስኮቹ ናቸው ያሳሰቡሽ?»

«ሌላማ ምን ያሳስበኛል? ሣጥኑን ጓደኛችሁ ጎርድ ወስዶ የዶሮ ቤት ያድርገው።»

ምን እንደምትፈልግ ፓውሊ ያውቃል። ሟቹ ባሏ ኡርሆ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሐይቁ በረዶ በሠራ ቁጥር ወጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ በረዶውን ይበሳ ነበር፤ ዓሣ ግን አያጠምድም። ውሃ ውስጥ የሚገባ ማይክሮፎን በቀዳዳው ያወርድና የበረዶውን ድምፅ ይቀዳል። በረዶ ሲወፍርና ሲሰነጠቅ አንዳንዴ እንደተወጠረ ሽቦ ይዘምራል፣ አንዳንዴ ሸክም እንደከበደው ሰው ያቃስታል። እዚህ ካናዳ፣ ተንደር ቤይ ያደገ ሁሉ ሰምቶታል፤ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ግን ኡርሆ ብቻ ነበር። በየቅጂው መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የበረዶውን ውፍረት ይናገራል። ከዚያ ደግሞ ከራሱ ጥቂት ይጨምራል። ምን እንደሚጨምር የሚያውቅ የለም።

ቤት ውስጥ የማይናገር ሰው ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቃል ሲያወጣ ካዝና የሚከፍት ይመስለው ነበር እንጂ።

«‹ስሞት ታዳምጪዋለሽ፤ እዚያ ላይ ለፍላፊ ነኝ› ይለኝ ነበር» አለች አይሊ፣ ብርድ ልብሱን እየደባበሰች። «እኔ ደግሞ ‹የበረዶ ጩኸት ሰምቼ ምን ልሆን!› እለው ነበር። ካረፈ በኋላ ልከፍተው አሰብኩና ፈራሁ። ነገ እሰማዋለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሰማዋለሁ ስል መብራቱ ጠፋ።»

«ቅዳሜ ትሰሚዋለሽ» አላት ፓውሊ።

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ፑላውን ጠረጴዛው ላይ ትታለት፣ ብርድ ልብሱን ይዛ ወጣች።

ፓውሊና ኡርሆ በወረቀት ፋብሪካው የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያረጁ ሰዎች ናቸው። ፋብሪካው ሲዘጋ እጃቸው ሥራ ፈታ። ያኔ ነው ድርጅቶች የሚጥሏቸውን ሰርቨሮች እየገዙ በየምድር ቤታቸው ማስነሳት የጀመሩት። ቀስ በቀስ የከተማው ብጤዎቻቸው ተሰበሰቡ፤ ጎርድም ከዚያ መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዶናት ቤት ተገናኝተው ስለ ዲስክና ስለ ማራገቢያ ሲከራከሩ የሚያያቸው ሰው ስለ ፈረስ ግልቢያ ውርርድ የሚጣሉ ይመስለዋል።

በዚህ ቡድን ውስጥ የፓውሊ ሙያ ካርድ ማጠብ ነው። በሰርቨር ውስጥ ዲስኮቹ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚነጋገሩት የመዳፍ ስፋት ባላት አንዲት ካርድ በኩል ነው። በካርዷ ሆድ ውስጥ ደግሞ ፋብሪካው የጻፈው ፕሮግራም አለ፤ ፈርምዌር ይሉታል። የፋብሪካው ፈርምዌር ጣልቃ ገብ ነው። ዲስኮቹን እንደ ራሱ ልጆች ይይዛቸዋል፣ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም እንዲያያቸው አይወድም፣ በትንሽ በትልቁ ያኮርፋል። ስለዚህ ያገለገለ ካርድ የገዛ ሰው የመጀመሪያ ሥራው እሱን ጠርጎ ማውጣትና በቦታው ገር የሆነውን፣ ዲስኩን እንዳለ ለኮምፒዩተሩ አሳይቶ ዝም የሚለውን መጻፍ ነው። ይህንን ነው ማጠብ የሚሉት። ያልታጠበ ካርድ ይዞ የተገኘ ሰው ቅዳሜ ዶናት ቤት ውስጥ መሳቂያ ይሆናል።

ጥንቁቆቹ ከማጠባቸው በፊት በካርዷ ላይ ያለውን ሁሉ ገልብጠው ያስቀምጣሉ። ፓውሊም መጀመሪያ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ያስቀመጠውን አንድም ሰው ጠይቆት ስለማያውቅ በኋላ ተወው። «ማን ነው እጣቢ የሚያስቀምጠው?» ይል ነበር፣ አዲስ የመጣ ሰው ሲጠይቀው። በዚህ አነጋገር ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው ኡርሆ ነበር።

ፓውሊ በማግሥቱ ጠዋት ሰርቨሩ ላይ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቶ አስነሳው። ማራገቢያዎቹ ጮኹ፣ የካርዱ ጽሑፍ ወጣ፣ ዲስኮቹም ተራ በተራ ተዘረዘሩ። ከእነሱ በታች አንድ መልእክት መጣና ማሽኑ ቆመ። የካርዱ ባትሪ ሞቷል፤ ለመቀጠል ከኪቦርዱ ላይ የፈለጉትን ይጫኑ ይላል።

ፓውሊ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ ብቻውን ሳቀ። በኡርሆ ምድር ቤት ውስጥ ስክሪንም ኪቦርድም አልነበረም። መብራቱ ተመልሶ ማሽኑ ሲነሳ ይህንን ጠይቆ፣ የሚመልስለት አጥቶ፣ እንደቆመ ቀርቷል። ብልሽት አይደለም። የፋብሪካው ፈርምዌር የታወቀ ኩርፊያው ነው።

«አንተ ሽማግሌ» አለ ፓውሊ ጮክ ብሎ። «ካርድህን ሳታጥብ ነው የሄድከው?»

አንድ ጣቱን ቢያሳርፍ ማሽኑ ይነሳ ነበር። ይህንን ያውቃል። ግን ወዲያው ሌላ ሐሳብ መጣበት። መብራት እንደገና ይጠፋል፤ ያኔም ማሽኑ እንደገና ጠይቆ ይቆማል። አይሊ እንደገና በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታመጣዋለች፤ ያኔ ደግሞ እሱ ላይኖር ይችላል። አንድ ጊዜ በደንብ ቢሠራላት ይሻላል። ዝርዝሩን አየ፤ ዲስኮቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ቆመዋል፣ የሚያያይዛቸው ራሱ ኮምፒዩተሩ ነው። እንዲህ ከሆነ ካርዱን ማጠብ ዲስኮቹን አይነካም። ስንቱን እንዲህ አጥቧል! ደግሞስ የጓደኛው ካርድ ሳይታጠብ መቅረቱ ነውር አልነበረም? ገንዞ ሊቀብረው አልታደለም፤ ይህችን ያድርግለት።

መልእክቱን ሳይመልስለት ማሽኑን አጠፋው።

ካርዷን በካቻቢቴ ፈትቶ አወጣ። አቧራዋን በብሩሽ ጠረገ። ጀርባዋ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት መለያ ቁጥሯን ገልብጦ ያዘ፤ ይህ ቁጥር ከጠፋ ካርድ ስም የለሽ ይሆናልና። ለዚህ ሥራ ባዘጋጀው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ከፍላሹ አስነሳ። የማጥፊያውን ትእዛዝ ሲጽፍ እጁ እንደ ወትሮው የተረጋጋ ነበር።

ከማጥፋቱና ከመጻፉ መካከል ካርዷ ምንም ያልሆነችበት ጊዜ አለ። አሮጌው ወጥቷል፣ አዲሱ አልገባም። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ካርዷ ሞታ ትቀራለች። ፓውሊ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ትንፋሹን ይይዛል፤ ዛሬም ያዘ። ከዚያ አዲሱን ጻፈ፣ መለያ ቁጥሯን መለሰላት፣ ምስጋና የሚመስል ነገር አጉረመረመ። በሕይወቱ ከዚህ የተሻለ አጥቦ አያውቅም።

ካርዷን ወደ ኡርሆ ማሽን መልሶ አስነሳ። ምንም ጥያቄ አልመጣም። ማሽኑ ሳያኮርፍ ተነሳ፣ ዲስኮቹም ሁሉም ታዩ። ሁሉም ጤነኞች ናቸው። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ ግን ፓውሊ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በገዛ ጠረጴዛው ላይ አይቶት የማያውቅ ቃል ተጽፏል፤ ተቆልፏል ይላል።

መጀመሪያ አልገባውም። አጥፍቶ አስነሳው። ከዚያ አንዱን ዲስክ ስቦ አወጣና ወደ መብራቱ አስጠግቶ ትንሿን ጽሑፍ አነበበ። ዲስኮቹ ኡርሆ አንድ ባንክ ዕቃውን ሲለውጥ በርካሽ የገዛቸው ነበሩ። ባንክ የሚይዛቸው ዓይነት፣ ባለቤታቸው ሲፈልግ ራሳቸውን የሚቆልፉ ናቸው። ከቡድኑ ማንም በዚህ ተጠቅሞ አያውቅም። ኡርሆ ግን ተጠቅሟል። የይለፍ ቃል ሰጥቶ ቆልፏቸው፣ መክፈቻው ካርዷ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ካርዷ ማንንም ሳትጠይቅ ትከፍትለት ነበር።

ፓውሊ ያንን ነው ያጠበው።

ጎርድ ከሰዓት በኋላ ሳይጠራ መጣ፤ መምጣት ልማዱ ነው። ፐርሺያን የሚሉትን፣ ሮዝ ክሬም የተቀባ የከተማውን ጣፋጭ ዳቦ በካርቶን ይዞ፣ የቦት ጫማውን በረዶ ደረጃው ላይ እያራገፈ ወረደ።

«አባ አጣቢ! ምነው አኮረፍክ? ሚስት የለህ፣ ማን አስቀየመህ?»

ፓውሊ ስክሪኑን አመለከተው። ጎርድ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ አነበበ። ካርቶኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«የማን ነው?»

«የኡርሆ።»

«አጥበኸዋል?»

«አጥቤዋለሁ።»

«የነበረውን ገልብጠህ አስቀምጠሃል አይደል?»

ፓውሊ ቀና ብሎ አየው።

«ኦ፣ ፓውሊ» አለ ጎርድ።

ጎርድ ዊኒፔግ ውስጥ የሞተ ዲስክ የሚያድን ሰው ስለሚያውቅ ደወለለት። ሰውየው ሁሉንም አዳምጦ፣ ዲስኮቹ ቢሰበሩ ወይም ቢቃጠሉ ይሻል ነበር አለው፤ ለተሰበረ መላ አለ፣ ለተቆለፈ ግን የይለፍ ቃሉን ከሚያውቀው ሰው በቀር መላ የለውም። ጎርድ ስልኩን ዘግቶ አገጩን አሻሸ።

«ስማኝ። ዲስኮቹ ሞተዋል በላት። ዲስክ ይሞታል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ማን ይጠይቅሃል?»

«ቃል ሰጥቻታለሁ።»

«ለዚህ እኮ ነው የምልህ! እውነቱን ብትነግራት ምን ታተርፋለች? ባሏን ቀብራለች። አሁን ደግሞ አንተን ልትጠላ?»

«መጥላት መብቷ ነው።»

«ድርቅ ያልክ ፊንላንዳዊ» አለ ጎርድ፤ ግን እንደ ወትሮው ሊያስቅ ብሎ አልነበረም። ሲሄድ የራሱን ሰርቨር ካርድ ነቅሎ እንደሚያመጣለት ነገረው። ጎርድ በቡድኑ ውስጥ እስከ ዛሬ ካርዱን ያላጠበ ብቸኛ ሰው ነበር፤ በዚህም ለዓመታት ሲስቁበት ኖረዋል። ባልታጠበ ካርድ በኩል ቢያንስ የይለፍ ቃሉን መሞከር ይቻላል።

ቅዳሜ ፓውሊ ማሽኑን ይዞ ሲደርስ የአይሊ ወጥ ቤት ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ከሳሎን ትልልቆቹን የድምፅ ማጉያዎች አምጥታ መስኮቱ ሥር አቁማለች። ሁለት ወንበሮች ትይዩ አድርጋ አስቀምጣለች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ፓውሊ ማጉያዎቹን ሲያይ ማሽኑን የሚያሳርፍበት ጠፋው።

«እዚህ አድርገው» አለች፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ሰብስባ። «ምነው? ታመሃል እንዴ?»

«አይሊ፣ ተቀመጪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ነገራት። ኡርሆ ዲስኮቹን ቆልፏቸው እንደነበር፣ መክፈቻው ካርዷ ላይ እንደነበረ፣ እሱም ካርዷን አጥቦ እንዳጠፋው ነገራት። አሁን የቀረው የይለፍ ቃሉን መገመት ብቻ ነው። እየሰማችው ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«በረዶ ማን ይሰርቃል ብሎ ነው የቆለፈው?» አለች።

ፓውሊ የጎርድን ካርድ አስገብቶ ማሽኑን አስነሳና ኪቦርዱን ወደ እሷ ገፋላት። የሞተውን ውሻቸውን ስም ጻፈች፤ ስህተት አለ። የሐይቅ ዳሩን ጎጆ ስም ጻፈች። የእናቱን ስም። የፋብሪካውን። የመጀመሪያዋን ጀልባውን። በየመሐሉ ማሽኑ አልሞክርም ስለሚል ፓውሊ አጥፍቶ ያስነሳዋል፤ እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። የራሷን ስም እስከ መጨረሻ አቆየችው። ስትጽፈውም ቶሎ ብላ፣ ሰው እንዳያያት የፈለገች ይመስል ጻፈችው።

ስህተት።

«ይገርማል» አለች፣ ምንም ሳይገርማት። ኪቦርዱን መልሳ ገፋችው። «እንግዲህ የሆነ ነገር ተናግሮ ነበር ማለት ነው። ነፋስና ውፍረት ብቻ ቢሆን አይቆልፍም።»

«ይመስለኛል።»

«ይሁን። አንተ የቻልከውን አድርገሃል። መጀመሪያውኑ ተበላሽቶ ነው ያመጣሁልህ።»

የማምለጫው በር እዚያ ነበር። ፓውሊ ዝም ብቻ ቢል ይወጣበት ነበር። ጎርድ እንዳለው፣ ማንም አይጠይቀውም።

«አልተበላሸም ነበር፣ አይሊ።»

ቀና ብላ አየችው።

«ባትሪው ስለሞተ ልቀጥል ወይ ብሎ ጠይቆ ነው የቆመው። አንድ ሰው መጥቶ ኪቦርዱን እስኪነካለት ሲጠብቅ ነበር። ስክሪን ስላልነበረው አንቺ ልታዪው አትችይም። እኔ ግን አየሁት። ብነካው ኖሮ ይነሳ ነበር። የተሻለ ላደርግልሽ ብዬ ነው ያልነካሁት።»

ውጭ የሰፈሩ በረዶ ጠራጊ መኪና እየተጎተተ አለፈ፤ የመስኮቱ መስታወት ተርገበገበ።

«ከየካቲት ጀምሮ?» አለች።

«አዎ።»

«ልብስ ላጥብ ስወርድ በአጠገቡ አልፍ ነበር። ማራገቢያው ሲጮህ እሰማው ነበር።» ማጉያዎቹን አየቻቸው። «ሁልጊዜ እኮ ነው እንዲህ የሚያደርገኝ። አፉ ላይ አድርሶት፣ እስክጠይቀው ይጠብቃል። እኔም አልጠይቀውም።»

ፓውሊ ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ከፈተ። በእጇ አቋረጠችው።

«አብረኸው ትወጣ የለ እንዴ? ድንኳኑ ውስጥ?»

«እወጣ ነበር።»

«እንግዲያ ሰምተኸዋል። ምን ይላል?»

ፓውሊ መሬት መሬት አየ። አንድ ነገር ፈጥሮ ሊነግራት ይችል ነበር። ስለ እሷ ያወራ ነበር፣ ስምሽን ይጠራ ነበር ቢላት ታምነዋለች፤ እስክትሞትም ትይዘዋለች። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ኡርሆ ያላለውን በኡርሆ አፍ ማስገባት ሁለተኛ ማጥፋት ሆነበት።

«ቀኑን ይናገራል። ነፋሱን ይናገራል። ውፍረቱን ይናገራል። ከዚያ በእጁ ውጣ ይለኛል። ውጭ በረዶው ላይ ቆሜ ሲጋራዬን አጨሳለሁ። ሲጨርስ ድንኳኑን ከውስጥ መታ መታ ያደርጋል፤ እመለሳለሁ። አልሰማሁም፣ አይሊ። ጆሮዬን እንኳ ጣል አድርጌ አላውቅም።»

ራሷን ነቀነቀች። ይህንን የምትጠብቅ ይመስል ነበር።

«እስቲ የሰማኸውን በልልኝ። እሱ እንደሚለው አድርገህ።»

«አይሊ…»

«በልልኝ።»

ፓውሊ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጥር አሥራ ዘጠኝ» አለ። «ነፋስ ከሰሜን ምዕራብ።» በወጥ ቤቱ ውስጥ የገዛ ድምፁ እንግዳ ሆነበት፤ እንደ ማስታወቂያ ተናጋሪ ነበር የሚሰማው።

«አይ። አንተ ትቸኩላለህ። እሱ አይቸኩልም።»

«ጥር… አሥራ ዘጠኝ። ነፋስ…»

«አይደለም። ‹ነፋስ› ሲል ቆም ይላል። ሄዶ አይቶት የሚመለስ ነው የሚመስለው።»

ለሦስተኛ ጊዜ ሊሞክር ሲል አይሊ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። አገጯን ትንሽ ወደ ደረቷ ሳበች፣ ትከሻዋን ጣል አደረገች፣ ከደረቷ ሥር በሚመጣ ወፍራምና ዘገምተኛ ድምፅ ጀመረች።

«ጥር አሥራ ዘጠኝ» አለች። «ነፋስ… ከሰሜን ምዕራብ። ውፍረቱ ክንድ ይሆናል።»

ፓውሊ ዓይኑን መጨፈኑን ያወቀው እሷ ዝም ስትል ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁለቱም ስለማያውቁት እዚያው ቆሙ።